ለከባዱ የሴራሚክ ግሪል ባለ ጎማ ጠረጴዛ እንዴት እንሥራ

ሐዋሳ ላይ ግቢ ውስጥ መጥበስ የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትኩሱን ይመጣል፣ ከሰሉ በየሰፈሩ አለ። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ የላከው የሴራሚክ ግሪል አለ፤ ያ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ክዳኑ ከባድ ምድጃ። ሐሳቡ የመጣው ካማዶ ከሚባለው የጃፓን ምድጃ ነው። በስፋት የሚታወቀውን ቢግ ግሪን ኤግን የሚሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 አትላንታ ውስጥ ተመሠረተ።

ይህ ምድጃ ሁለት ጠባይ አለው። በጣም ከባድ ነው፣ ከወደቀ ደግሞ ይሰበራል። የመጥበሻ ሽቦው 46 ሴንቲ የሆነው መጠን ወደ 73 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ዕቃ ፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ወይም ከጣውላ ቁርጥራጭ በተሠራ ነገር ላይ ማስቀመጥ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንያዝ፤ የግሪሉ ክብደት ከሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ጎማው ይውረድ። ከላይ የምናየው የጠረጴዛ ፊት ሳህንና ቢላ ይያዝ እንጂ ግሪሉን አይሸከምም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚከተለው ይህንን ነው።

ጎማ ለምን አስፈለገ? ሐዋሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል፤ ጭሱ ወደ ሳሎን ይገባል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሳይታሰብ ይወርዳል፣ ግሪሉም በማይጠበስበት ጊዜ ጥግ ይዞ መቆም አለበት። ጎማ ከሌለው ሁልጊዜ አራት ጎረምሳ መጥራት ነው።

መጀመሪያ ልክ እንውሰድ

ብረት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግሪሉን ራሱን ለኩት። ከሰው የተሰማ ልክ አትጠቀሙ፤ የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው ይለያል።

የምትፈልጉት ሦስት ልክ ነው። አንደኛ፣ ክዳኑና ታችኛው አካል የሚገናኙበትን የብረት ቀበቶ ፈልጉ። ከቀበቶው 5 ሴንቲ ዝቅ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከምልክቱ እስከ ግሪሉ ሥር ያለውን ቁመት ለኩ። ሥሩ ላይ የሴራሚክ እግሮች ካሉት እነሱንም ጨምሩ። ሁለተኛ፣ ምልክቱ ባለበት ቦታ የሆዱን ስፋት ለኩ። ዙሪያውን በገመድ ለክታችሁ ለ3.14 ብታካፍሉት ትክክለኛውን ታገኛላችሁ። ሦስተኛ፣ ከኋላ ያለውን የክዳኑን ማጠፊያ ተመልከቱ። ክዳኑ ሲከፈት ወደ ኋላ ምን ያህል ይሄዳል? ስፕሪንጉ ከቀበቶው በታች ይወርዳል? የሚወርድ ከሆነ ለሱ የሚሆን ቦታ ጠረጴዛው ላይ መውጣት አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ከምልክቱ እስከ ሥሩ 45 ሴንቲ፣ ስፋቱ 53 ሴንቲ ነው እንበል። ጠረጴዛው ከመሬት 85 ሴንቲ ከፍ ይበል፤ ቆሞ ሽንኩርት ለሚከትፍ ሰው ወገብ የማይጎዳ ከፍታ ነው። ግሪሉ ሥር 3 ሴንቲ ውፍረት ያለው ድንጋይ ይገባል። ስለዚህ 85 ሲቀነስ 45፣ ሲቀነስ 3፣ 37 ሴንቲ ይመጣል። ግሪሉን የሚሸከመው መደብ ከመሬት 37 ሴንቲ ላይ ይሠራል ማለት ነው። የናንተ ልክ የተለየ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ቀይሩ፣ ስሌቱ ያው ነው።

ጎማው ላይ አትቆጥቡ

ብዙ ሰው ገንዘቡን እንጨቱ ላይ አውጥቶ ጎማው ላይ ይቆጥባል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው።

ክብደቱን እንደምር። ግሪሉ 73 ኪሎ፣ ድንጋዩ 20 ኪሎ ገደማ፣ የብረቱ ፍሬም ወደ 38 ኪሎ፣ እንጨቱ 15፣ ከሰልና ዕቃ ሌላ 15። በድምሩ 160 ኪሎ አካባቢ ነው። አሁን ይህን ለአራት ጎማ ማካፈል ያጓጓል። ግን የግቢ መሬት ሜዳ አይደለም። ብዙ ጊዜ መሬቱን የሚረግጡት ሦስቱ ጎማዎች ናቸው፣ አራተኛው ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ለሦስት አካፍሉ፤ ለአንዱ 53 ኪሎ ይደርሰዋል። ድንጋይ ሲመታ የሚመጣው ጫና ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። እያንዳንዱ ጎማ 100 ኪሎ የሚችል ይሁን። ጥሩ ጎማ የሚችለው ክብደት ላዩ ላይ ይጻፋል።

መጠኑስ? ግቢው ሊሾ ወይም ሴራሚክ ንጣፍ ከሆነ ዲያሜትሩ 12 ሴንቲ የሆነ ጎማ ይበቃል። ኮብልስቶን ከሆነ ትንሽ ጎማ በድንጋዩ መሐል ባለው ክፍተት ይሰነቀራል፤ የተሰነቀረ ጎማ ደግሞ ጠረጴዛውን ወደ ፊት ይደፋዋል። ለኮብልስቶን ከ15 ሴንቲ አትውረዱ፣ 20 ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ጎማው ላስቲክ የለበሰ ይሁን። ደረቅ ፕላስቲክ በኮብልስቶን ላይ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ያ መንቀጥቀጥ ሴራሚኩ ጋ ይደርሳል። ጠጠር ወይም ሣር ላይ ማንኛውም ጎማ ስለሚሰምጥ ግሪሉ የሚሄድበትን መንገድ ብቻ ንጣፍ አድርጉበት።

አራት ጎማ ግዙ፤ ሁለቱ ቀጥ ብለው ብቻ የሚሄዱ፣ ሁለቱ የሚዞሩ። ቀጥታዎቹ ግሪሉ ባለበት ከባዱ ጫፍ ይግቡ፣ የሚዞሩት በቀላሉ ጫፍ። እንዲህ ሲሆን ከቀላሉ በኩል ይዛችሁ እንደ ጋሪ ትመሩታላችሁ። ፍሬን አራቱም ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል። ካልተገኘ ሁለቱ የሚዞሩት በእግር የሚረገጥ ፍሬን ይኑራቸው፣ ለከባዱ ጫፍ ደግሞ ሁለት የእንጨት ሽብልቅ አዘጋጁ።

የሚገዛው ብረት

40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ፣ ሦስት ቤርጋ ግዙ። አንዱ ቤርጋ 6 ሜትር ነው። ብረት ቤት “ቀጭኑም ይበቃል” ሊሏችሁ ይችላሉ። ለመስኮት ይበቃል፤ ለዚህ አይበቃም። የጋልቫናይዝድ ብረት እንዳይሆን ደግሞ ተጠንቀቁ። ሲበየድ ከላዩ ያለው ዚንክ ይጨሳል፣ ጭሱም በያጁን እንደ ወባ አንቀጥቅጦ ያሳምመዋል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው ቤርጋ አራት ባለ 148 ሴንቲ ይወጣሉ። እነዚህ የጠረጴዛው ረጃጅም ጎኖች ናቸው፤ ሁለቱ ለላይ፣ ሁለቱ ለታች። 150 ያላልኩበት ምክንያት አለ። የግራይንደሩ ዲስክ በቆረጠ ቁጥር ጥቂት ሚሊ ይበላል፣ ስለዚህ አራት ሙሉ 150 ከአንድ ቤርጋ አይወጣም። ከሁለተኛው ቤርጋ ዘጠኝ ባለ 64 ሴንቲ አግዳሚ ቁረጡ። ከሦስተኛው ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ባለ 64፣ አራት ባለ 55 ለእግር፣ ሁለት ባለ 60 እና አራት ባለ 10 ሴንቲ ለግሪሉ መደብ። የተረፈውን አትጣሉት፣ እጀታ ይሆናል።

ሌላው የሚያስፈልገው 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ ነው፤ 10 በ10 የሆነ አራት ቁራጭ። ጎማዎቹ የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው። የ10 ቁጥር ብሎን 16፣ ከሁለት ሁለት ዳዶና ከነሮንዴላው። 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ። አንቲ ረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እና የዘይት ቀለም።

ብየዳው

ብየዳ የማትችሉ ከሆነ ለበያጅ ስጡት። ግን ሥዕሉን ይዛችሁ ሂዱ፣ አጠገቡም ቁሙ። ሰፈር ያሉ በያጆች በርና መስኮት ላይ እጃቸው የተፈታ ነው፤ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ግን እናንተ ካልነገራችኋቸው ማን ይነግራቸዋል?

የታችኛውን አራት ማዕዘን አስቀድሙ። ሁለት ባለ 148 ትይዩ አስቀምጡ፣ በየጫፉ አንድ አንድ ባለ 64 በመሐላቸው ይግባ። ስፋቱ በውጭ 72 ይሆናል። ማዕዘኖቹን ነካ ነካ አድርጋችሁ ብቻ ያዙ። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ለኩ። ሁለቱም ሰያፎች 164.6 ሴንቲ አካባቢ ሊመጡ ይገባል። ዋናው እርስ በርስ እኩል መሆናቸው ነው። ካልሆኑ በመዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ አስተካክሉና እንደገና ለኩ። ሙሉ ብየዳ የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱን ማዕዘን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ብረቱን ያጣምመዋል፤ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ በይዱ። የላይኛውንም እንዲሁ ሥሩ።

ታችኛው ላይ ሁለት ተጨማሪ አግዳሚ ይግባ፤ አንዱ ከከባዱ ጫፍ 8 ሴንቲ ገባ ብሎ፣ ሌላው 68 ሴንቲ አካባቢ። የግሪሉ መደብ የሚቆመው በነዚህ መሐል ነው። ባለ 10 ሴንቲዎቹን አጫጭር ምሰሶዎች በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ላይ አቁሟቸው። በላያቸው ባለ 60ዎቹን አስተኙ። በባለ 60ዎቹ መሐል ሦስት አግዳሚ አስገቡ። ድንጋዩ የሚያርፈው በነዚህ ሦስት ላይ ነው፤ ስለዚህ ከድንጋዩ ዳር እስከ ዳር ተከፋፍለው ይቀመጡ፣ አንዱም የድንጋዩን መሐል ይያዝ። ጎማው ከነቤቱና ከነላሜራው 19 ሴንቲ ከሆነ፣ የታችኛው ብረት 4፣ ምሰሶው 10፣ የመደቡ ብረት 4 ተደምሮ 37 ይመጣል። ጎማችሁ ከዚህ ረዘም ወይም አጠር ካለ የምሰሶውን ቁመት አስተካክሉ።

ቀጥሎ አራቱን እግሮች በአራቱ ጥግ አቁሙ። በእስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) በሁለት በኩል እዩዋቸው፣ ከዚያ የላይኛውን አራት ማዕዘን አስቀምጡ። የላይኛው ላይ አንድ አግዳሚ ግሪሉ ከሚገባበት ቀዳዳ ወዲያ፣ ከከባዱ ጫፍ 70 ሴንቲ አካባቢ ይግባ፣ ሌላው በቀረው ክፍል መሐል። ከፊት በኩል፣ ከግሪሉ የታች አየር በር ፊት ለፊት ምንም ብረት አይለፍ። አመድ የሚወጣው በዚያ ነው፣ እሳቱ የሚተነፍሰውም በዚያ ነው።

ላሜራዎቹን በአራቱ የታች ጥግ ከእግሮቹ ሥር በይዱ። ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ አስቀድማችሁ በትራፓኖ ብሱ። ጎማውን ራሱን እንዳትበይዱት! ሙቀቱ የኩሽኔታውን ግሪስ ያቃጥለዋል፣ ጎማው ሲያልቅም መቀየር አይቻልም። በብሎን እሰሩት። እያንዳንዱ ብሎን ላይ ሁለት ዳዶ ብታጠብቁ በመንቀጥቀጥ አይፈታም።

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት የተከፈቱ የቱቦላሬ ጫፎችን ድፈኑ፤ ውሃ ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል። የብየዳውን ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ ብረቱን በቲነር ጥረጉ፣ ሁለት ጊዜ አንቲ ረስት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ቀለም።

በሲሚንቶ ፈትኑት

ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። ግሪሉን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ መደቡ ላይ ጫኑ። አንዱ 50 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ ከግሪሉና ከድንጋዩ ድምር ትንሽ ይበልጣሉ። በዚያው ሁኔታ ጠረጴዛውን ግቢ ውስጥ ግፉት። ኮብልስቶኑ ላይ ውሰዱት፣ አዙሩት፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ነቅንቁት። አንድ ሌሊት ተጭኖ ይደር። ጠዋት ላይ አግዳሚዎቹን በገመድ ወይም ቀጥ ባለ ጣውላ እዩአቸው። የጎበጠ ካለ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ካለ፣ የተዛባ ጎማ ካለ ያን ጊዜ ይስተካከላል። ሲሚንቶ ቢወድቅ ወረቀቱ ይቀደዳል። ሴራሚኩ ቢወድቅ ግን መለዋወጫውን ከባሕር ማዶ መጠበቅ ነው።

የጠረጴዛው ፊት

ለእንጨት የመጀመሪያ ምርጫዬ ዋንዛ ነው። መልኩ ያምራል፣ ለመሥራት ገር ነው፣ በደንብ ከደረቀ ብዙ አይጣመምም። ጽድ ብስባሽና ምስጥ ይቋቋማል፣ ግን ጠረኑ ጠንካራ ስለሆነ ምግብ ለሚከተፍበት ቦታ ብዙም አይመቸኝም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ተዉት፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) በአንድ ክረምት አብጦ ይፈርሳል።

ውፍረቱ 3 ሴንቲ የሆነ ጣውላ አዘጋጁ። ጠቅላላው 152 በ76 ይሁን፤ ከብረቱ በየጎኑ 2 ሴንቲ ይወጣል። ጣውላዎቹን አትጋጥሟቸው። በየመሐላቸው 5 ሚሊ ክፍተት ተዉ፤ የዝናብ ውሃ ያልፋል፣ እንጨቱም ሲያብጥ መሄጃ ያገኛል። ከታች በኩል በብሎን ስታስሩ ብረቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ሞላላ ይሁን፤ እንጨት ከክረምት በጋ ይነፋል ይሟሽሻል፣ ጠብቆ ከታሰረ ይሰነጠቃል።

ቀዳዳው በጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የግሪሉ ሆድ 53 ከሆነ ቀዳዳው 58 ይሁን፤ ዙሪያውን 2.5 ሴንቲ አየር ይቀራል ማለት ነው። ከግሪሉ ጋር የመጣው ወረቀት ከዚህ የበለጠ ክፍተት ካዘዘ እሱን ተከተሉ። ሴራሚኩ እንደ ብረት ምድጃ ከውጭ አይግልም፣ ግን ለሰዓታት ሲሞቅ ይቆያል። እንጨት ደግሞ ተደጋጋሚ ሙቀት ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፣ ያጠቁረዋል። ክፍተቱ ላይ ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ ፎም የሚባል ነገር እንዳይወተፍ።

ክቡን ለመሥመር የቀዳዳው መሐል ከከባዱ ጫፍ 40 ሴንቲ ላይ ይሁን። እዚያ ምስማር ምቱ፣ 29 ሴንቲ ርዝመት ያለው ክር እሰሩ፣ በክሩ ጫፍ እርሳስ አድርጋችሁ አዙሩ። የእጅ የኤሌክትሪክ መጋዝ ያለው አናጢ በደቂቃዎች ይቆርጠዋል። ማጠፊያው ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ከኋላ በኩል ለሱ የሚሆን ቦታ አብራችሁ ቁረጡ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ።

ለቅብ እኔ ዘይት እመርጣለሁ። ቫርኒሽ በሐዋሳ ፀሐይ ይላላጣል፣ የተላላጠውን ማደስ ደግሞ ሁሉንም መፋቅ ይጠይቃል። የተልባ ዘይት ግን እንጨቱ ውስጥ ይገባና ይደርቃል። በስሱ ቀቡ፣ ትርፉን ጥረጉ፣ ሲደርቅ ድገሙ። ለወጥ የምንጠቀምበት የፓልም ዘይት አይደርቅም፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። አንድ አደጋ አለ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ድንጋይ የሚወድ ሰው በእንጨቱ ፋንታ ግራናይት ያስቆርጥ። እብነ በረድ አይሁን፤ ሎሚ የነካው ቦታ ላይ ምልክቱ ይቀራል፣ ዓሣ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሎሚ አይቀርም። ግን ግራናይት ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ የጎማውን ስሌት እንደገና ሥሩ።

ግሪሉን ማስቀመጥ

ድንጋዩ 50 በ50 የሆነ ግራናይት ወይም የኮንክሪት ንጣፍ ይሁን። መደቡ ላይ አስቀምጡት፣ በውሃ ልክ አስተካክሉት። ግሪሉ በቀጥታ እንጨት ላይ እንዳያርፍ። የሴራሚክ እግሮቹ ወይም የብረት መቆሚያው ከድንጋዩ በላይ አየር እንዲያልፍ ያድርጉ።

ከዚያ ግሪሉን አቅልሉት። ሽቦውን፣ የውስጥ ቀለበቱን፣ የእሳት ቤቱን አውጡ። ክዳኑ የሚፈታ ከሆነ ፍቱት። ጎማዎቹን በፍሬንና በሽብልቅ ያዙ። ቢያንስ ሦስት ሰው ይሁን፤ ሁለቱ ያንሱ፣ አንዱ ቀዳዳው ላይ ይምራ። አያያዙ በታችኛው የአየር በርና በሆዱ ሥር ነው። በማጠፊያው ወይም በጎን መደርደሪያው ይዞ ማንሳት ክልክል ነው። ቀስ ብላችሁ በቀዳዳው አውርዱት፣ ዙሪያውን ክፍተቱ እኩል መሆኑን እዩ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ከኋላ እንጨቱን እንደማይነካ አረጋግጡ።

ሲሠራበት

ጠረጴዛው የሚንቀሳቀሰው ግሪሉ ሲበርድ ብቻ ነው። እሳት ያለበትን ግሪል አንዲት ስንዝር እንኳ አትግፉ። ሲገፋም በርዝመቱ ነው፤ በጎኑ ከተገፋ ጠባብ ስለሆነ ይንጋደዳል። መቆሚያው ላይ ሲደርስ ፍሬን።

የኛ የእንጨት ከሰል ለዚህ ግሪል የሚስማማው ዓይነት ነው፤ ፋብሪካዎቹም የሚመክሩት ተፈጥሯዊውን ቁርጥራጭ ከሰል ነው። በጋዝ ወይም በቤንዚን አታቀጣጥሉ፣ ሴራሚኩ ሽታውን ይይዛል፣ ዓሣውም ይሸታል። በጣም ሲግል ክዳኑን በአንዴ አትክፈቱ። ጥቂት ሴንቲ ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ አለበለዚያ አየር በድንገት ገብቶ ነበልባል ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ለማጥፋት ውሃ አይፈስበትም፤ የጋለ ሴራሚክ ይሰነጠቃል። የላይና የታች አየሩን ዝጉ፣ እሳቱ ራሱ ታፍኖ ይጠፋል። የቀረው ከሰል ለሌላ ቀን ይሆናል።

ዝናብ ሲመጣ እሳቱ ያለበትን ግሪል ዝግ በረንዳ ወይም ጋራዥ ውስጥ ለማስገባት አትሞክሩ። የከሰል ጭስ በዝግ ቦታ ሰው ይገድላል። ክዳኑ ተዘግቶ ዝናቡ ውስጥ ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ እናንተ ግቡ።

ከመጀመሪያው ወር በኋላ ብሎኖቹን በቁልፍ ዳስሱ፣ የላላ ካለ አጥብቁ። ክረምት ከመግባቱ በፊት እንጨቱን ዘይት ቀቡት፣ የተፋቀ ቀለም ካለ ብረቱን ሸፍኑ። የሚዞሩት ጎማዎች ላይ ፀጉርና ላስቲክ ይጠመጠማል፣ አውጡና ትንሽ ግሪስ ስጧቸው።